የቀነስኳቸው ቃላት

እናቴ ቋጠሮዋን እስካሁን አልፈታችም። ባሕር ዳር ከገባን ሠላሳ አራት ዓመት ሆነን፤ ቤት አለን፣ ቁም ሣጥን አለን፣ በጓሮው ጌሾና ሮማን ተክላለች። ቋጠሮው ግን አሁንም ከአልጋዋ ሥር በራስጌው በኩል፣ ሌሊት «ተነሱ» ቢባል በአንድ እጇ ስባ ልታወጣው በምትችልበት ቦታ ተቀምጧል። አንዴ ብቻ፣ ቤቱ ቀለም ሲቀባ፣ ከፍቼ አይቼዋለሁ። ያለው አንድ የእንጨት ማበጠሪያ፣ የነጠላ ቁራጭ፣ እና በየራሽኑ ቀን እየተበሳ ወንፊት የመሰለ የስደተኛ ካርድ ነው። ካርዱ ላይ የቤተሰብ ብዛት በሚለው ትይዩ 4 ተጽፎ ተሰርዟል፤ ከአጠገቡ 3 ተጽፏል። ስለዚያ ስርዝ ዛሬ አልጽፍም።

እኔ ደግሞ ሃያ ስድስት ዓመት የሠራሁት ከረጢት በማይፈተሽበት ሙያ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ቪየና ላይ የተፈረመው የዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት ስምምነት በአንቀጽ 27 የዲፕሎማቲክ ከረጢት አይከፈትም፣ አይያዝም ይላል። ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ፈተና ስዘጋጅ ሌሎቹን አንቀጾች በቃሌ ለመያዝ ስንት ሌሊት አምሽቻለሁ፤ ይህቺ ግን አንዴ አንብቤያት ገባች። የእናቴ ቋጠሮ በስደታችን ጊዜ ከመተማ ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ እስክንደርስ ሦስት ጊዜ ተፈትቷል። ሦስተኛው ፈታሽ ማበጠሪያውን አንስቶ የራሱን ፀጉር አበጠረበትና ሳቀ። እናቴም አብራው ሳቀች። ለምን እንደሳቀች የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው።

ወጣት ሴቶች አንዳንዴ ይጠይቁኛል፤ ከስደተኛ ካምፕ ተነስተሽ እንዴት ዲፕሎማት ሆንሽ ይሉኛል። የሚጠብቁትን መልስ አውቀዋለሁ፦ ጽናት፣ ትምህርት፣ የእናት ጸሎት። አልነበሩም አልልም። ነገር ግን ከእኔ ይበልጥ የጸኑ፣ ከእናቴ ይበልጥ የጸለዩ፣ ዛሬ አጥንታቸው ገዳሪፍ የቀረ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ። ስለዚህ ያ መልስ ከአፌ እምቢ ይለኛል። ሙያውን የተማርኩት ከመቀጠሬ ሃያ ዓመት በፊት፣ አንድ እግሩ ባጠረ ጠረጴዛ ፊት ቆሜ ነው።

በ1970 ዓ.ም. ከጎንደር ስንወጣ ስምንት ዓመቴ ነበር። ቀይ ሽብርን ለሚያውቀው ማስረዳት አያሻም፤ ለማያውቀው ደግሞ በአንድ አንቀጽ የሚገባ ነገር አይደለም። ቀን ተኝተን ሌሊት እየተጓዝን በመተማ ተሻገርን። ዐፄ ዮሐንስ የወደቁበት ምድር መሆኑን ያኔ አላውቅም፤ የማውቀው የጫማዬ አንድ እግር መጥፋቱን ብቻ ነው። ማዶ ያለው ከተማ ገላባት ይባላል። ዛፉም አፈሩም ወዲህና ወዲያ አንድ ዓይነት ነበር፤ የተለወጠው ሰው የሚናገረው ብቻ ነው።

ልጅ ቋንቋ አይማርም፤ እንደ ጉንፋን ይጋባበታል። ዓመት ሳይሞላኝ አረብኛው ያዘኝ። እናቴ ግን ገበያ ላይ የሚያስፈልጋትን ቁጥር ከተማረች በኋላ «ይበቃኛል» ብላ ቆመች፤ ቀሪው የእኔ ሆነ። ሱዳኖቹ «ያ ቢት» ይሉኛል፣ አንቺ ልጅ ለማለት። እናቴ ደግሞ «አፌ» ትለኝ ነበር። «አፌ የት ሄደች? አፌን ጥሩልኝ።»

ካርድ የሚጻፍበት ጠረጴዛ አንድ እግሩ ስላጠረ ከሥሩ የታጠፈ ካርቶን ተደርጎለታል። ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው ሰው ክፉ ሰው አልነበረም፤ የደከመው ሰው ነበር። አራት ቀን ተሰልፈን ተራችን ሲደርስ ቀና እንኳ ሳይል «ቡክራ» አለን። ነገ ማለት ነው። እኔ ለእናቴ «ጉዳያችንን እያዩት ነው፤ ሊያልቅ ነው» አልኳት። እናቴ ጥርሷን ነክሳ «ንገሪው! እናቱን እንዲህ ፀሐይ ላይ የሚያንቃቃባት ይዘዝበት በይልኝ» አለች። ፊቴን ወደ ሰውዬው መልሼ «እናቴ፣ አላህ እናትህን ይጠብቅልህ ትላለች» አልኩት።

ሰውዬው ቀና አለ። እናቴን ለአፍታ አያት። ከዚያ የዘጋውን መዝገብ ገልጦ ካርዱን እዚያው ጻፈልን።

ስንመለስ እናቴ በኩራት «አየሽው? ረገምኩትና ሰጠ» አለችኝ።

ያን ቀን የተሰማኝን አልክድም፤ ኃይል ተሰማኝ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ተነጋግረው ተስማሙ፤ ሁለቱም የሌላውን ቃል አልሰሙም፤ መካከላቸው የተባለውን በሙሉ የምታውቅ አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ብቻ ናት። ኋላ መሥሪያ ቤት ገብቼ ሳየው ይህ ነገር የጋራ መግለጫ ይባላል።

ኃይሉ ግን ዋጋ አለው። በ1977 ዓ.ም. ረሃቡ ሰውን እየነቀለ ወደ ምሥራቅ ሱዳን ሲያፈሰው አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፤ ከድንኳን በተሠራ ክሊኒክ ውስጥ አስተርጓሚ አደረጉኝ። ደመወዜ ዘይትና ዱቄት ነው። ነርሷ በእንግሊዝኛ ትናገራለች፣ ሱዳናዊው ረዳት ወደ አረብኛ ይመልሰዋል፣ እኔ ወደ አማርኛ። አንድ ቃል በሦስት አፍ ያልፋል። ሦስት ሳምንት በእግሯ እንደተጓዘች የነገረችኝ አንዲት ሴት ልጇን ታቅፋ ገባች። ነርሷ ማዳመጫውን ከልጁ ደረት ላይ አንስታ አጭር ነገር ተናገረች። ረዳቱ ወደ ጆሮዬ ዝቅ ብሎ «ኸላስ» አለኝ። አለቀ። ሴትዮዋ አፌን አፌን እያየች ትጠብቃለች።

«ተኝቷል» አልኳት።

ነጠላዋን አስተካክላ ፊቱን ሸፈነችው። «ይተኛ እንግዲህ» አለችና ወጣች።

ማታ ከድንኳኑ ውጭ አገኘችኝ። እጄን በሁለት እጇ ያዘችው። «ልጄ፣ እኔ እኮ ከመንገድ ጀምሬ አውቄዋለሁ። አንቺ እንዳትደነግጪ ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አለችኝ። እኔ ለእሷ ስቀንስ እሷ ለእኔ እየቀነሰች ነበር። ስሟን አልጠየቅኳትም።

ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም.፣ በዚያው በመተማ ተመለስን። የጎንደሩ ቤታችን ሌላ ሰው ገብቶበት ስለነበር አጎቴ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ወደሚሠራባት ባሕር ዳር መጣን። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ አማርኛዬ ደግሞ እናቴ ከቤቷ ይዛው የወጣችው አማርኛ ነው። የሰፈሩ ልጆች «እንደ ባልቴት ታወራለች» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። የሱዳኑን የትምህርት ማስረጃ አቻ ለማሰጠት ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ስመላለስ «ቡክራ» በአማርኛም እንዳለ አወቅኩ። ከዚያ አዲስ አበባ፣ ዩኒቨርሲቲ፣ የፖለቲካ ሳይንስ፤ በ1991 ዓ.ም. ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር። ይህ ዘመን ሲወራ ይጣፍጣል፤ ሲኖሩት ግን ፎቶ ኮፒ ማስነሳት ነው።

በቃል ፈተናው ላይ አንዱ ፈታኝ «አረብኛውን የት ተማርሽው?» አሉኝ። «ትምህርት ቤት» አልኩ። ውሸት አይደለም። ካምፕ የሚለውን ቃል ግን ቀነስኩት፤ ለአሥር ዓመት ያህልም አልመለስኩትም። በኮሪደሩ ላይ የሚነሱት የሴት አምባሳደሮች ስሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። የመጀመሪያዋ የራስ እምሩ ልጅ ዮዲት እምሩ ናቸው። ሁለተኛዋ ሣህለወርቅ ዘውዴ፣ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ በሴኔጋል ቀጥሎም በጅቡቲ አምባሳደር የነበሩት፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ርዕሰ ብሔር የሆኑት ናቸው። ሁለቱንም አከብራለሁ። አንዷ የራስ ልጅ፣ ሌላዋ በፈረንሳይ የተማሩ፤ እኔ በራሽን ዱቄት ያደግኩ። የእኔን ዓይነት ሰው ስፈልግ ያገኘሁት፣ ባያምርብኝም፣ ንጉሠ ነገሥቱን ዐፄ ኃይለ ሥላሴን ነው። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ሲቆሙ አገራቸው የተያዘችባቸው ስደተኛ ነበሩ። ፈረንሳይኛውን አሳምረው እያወቁ በአማርኛ ተናገሩ። ወደ አገራቸው የተመለሱትም በሱዳን በኩል፣ ኦሜድላ ገብተው ጎጃምን አቋርጠው ነው። ያን ንግግር ባሰብኩ ቁጥር ዓይኔ የሚሄደው ወደ አስተርጓሚው ነው። ምን ቀንሶ ይሆን?

በሥራ ላይ ገና ጀማሪ ሳለሁ አንድ ሰነድ በጠረጴዛዬ አለፈ። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን፣ እ.ኤ.አ. ከ1991 በፊት ለተሰደዱ ኢትዮጵያውያን ይሰጥ የነበረው የስደተኝነት መብት እ.ኤ.አ. ከማርች 1 ቀን 2000 ጀምሮ እንደሚያበቃ ይገልጻል። በእኛ አቆጣጠር የካቲት 22 ቀን 1992፣ የዓድዋ በዓል ዋዜማ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 የወጣው የስደተኞች ስምምነት ስደተኝነት እንዴት እንደሚጀመር ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደሚያበቃም ይደነግጋል፤ የተሰደዱበት ምክንያት ከጠፋ ያበቃል። በሕጉ እኔና እናቴ ተመልሰን ስንገባ አብቅቶልን ነበር፤ ሰነዱ የሚመለከተው እዚያው የቀሩትን ነው። ቢሆንም ማታ በጎረቤት ስልክ አስጠራኋት።

«እማዬ፣ ከእንግዲህ ስደተኛ የለም ተብሏል።»

«ማን አለ?»

«ጄኔቫ።»

«እንግዲያው ጄኔቫ መጥቶ ቋጠሮዬን ይፍታው» ብላ ስለ በርበሬ ዋጋ ታወራኝ ጀመር።

ስለ ካርቱምና ስለ ጄኔቫ ዓመታት ሌላ ቀን እጽፋለሁ፤ አብዛኛው ጊዜ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ማስታወሻ መያዝ ነው። ሦስተኛ ጸሐፊ፣ ሁለተኛ ጸሐፊ፣ አንደኛ ጸሐፊ፣ ካውንስለር እያልኩ ወጥቼ ሚኒስትር ካውንስለር ላይ ቆምኩ። አምባሳደር አልሆንኩም። እናቴ ይህን እንደ ግፍ ትቆጥረዋለች፤ እኔ አልቆጥረውም፤ ደግሞ በደንብ እቆጥረዋለሁ፤ እንደ ቀኑ ነው።

ከኋላ ወንበር ሆኜ ከሠራኋቸው ጉዳዮች ልቤ ውስጥ የቀረው የዓባይ ነው። ማታ ማታ እናቴን ክንዷን ይዤ በሐይቁ ዳር ስንሄድ፣ አንዳንዴም ባጃጅ ይዘን ዓባይ ከጣና ወደሚወጣበት በኩል ስንወርድ፣ ስለ አንድ ወረቀት አስባለሁ። ስለ ትርጉም ጣጣ ሲወራ ሁሉም ሰው የውጫሌን አንቀጽ 17 ያነሳል። የእኔ ግን በ1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክና እንግሊዞች የሱዳንን ድንበር ሲዋዋሉ የተጻፈው ነው። ጣና በስሙ ተጠርቶበታል። ንጉሡ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር አስቀድመው ሳይስማሙ በጥቁር ዓባይ፣ በጣና እና በሶባት ላይ ወንዙን «ተዳር እዳር የሚደፍን» ሥራ እንዳይሠሩ ይላል አማርኛው። የእኛ የሕግ ባለሙያዎች ክርክር የሚቆመው እዚህ ላይ ነው፦ ውሃውን ከዳር እስከ ዳር ደፍኖ ማስቀረትና በውሃው መጠቀም ለየቅል ናቸው። ማዶ ያሉት ደግሞ ሰፋ አድርገው ያነቡታል። ከመቶ ዓመት በላይ ትላልቅ ሰዎች የሚተነትኑት ቃል መጀመሪያ የወጣው ከአንድ ጸሐፊ ብዕር ነው። ያ ጸሐፊ ለንጉሡ ስንቱን ነገራቸው፣ ስንቱን ዋጠ? መሥሪያ ቤት ውስጥ ይህን ብናገር የልጅ ጥያቄ ይባል ነበርና አልተናገርኩም። የልጅ ጥያቄ መሆኑም እውነት ነው፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ።

እ.ኤ.አ. በ2012 የጣና ፎረም እዚሁ ባሕር ዳር ሲጀመርም እናቴ የአፍሪካ መሪዎች ስለ አህጉሩ ፀጥታ ሊነጋገሩ መምጣታቸውን በሬዲዮ ሰምታ ነበር። ሲያልቅ ደውላ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፦ «ታርቀው ሄዱ?»

ባለፈው ዓመት ዕድሜዬ ለሙሉ ጡረታ ሳይደርስ በራሴ ጥያቄ ወጥቼ ወደ እሷ ተመለስኩ። ዓይኗ ደክሟል፣ ጆሮዋ ግን ጦር ነው። አሁን ወርኃ ጽጌ ነው፤ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ድረስ የእመቤታችን ስደት የሚታሰብበት። እናቴ በጽጌ አትቀልድም። ሌሊት ለማኅሌቱ ቅዱስ ጊዮርጊስ አደርሳታለሁ፤ ሲነጋ በሐይቁ ዳር ወዳለው ዋርካ ሥር ሄደን ትንሽ አረፍ እንላለን። የደንገል ታንኳዎች ቀረሶ ዓሣ ይዘው ይመለሳሉ። እሷ ወደ ደሴቶቹ አቅጣጫ ዞራ ትቀመጣለች፤ በትውፊቱ እመቤታችን በስደቷ ጊዜ አርፋበታለች የሚባለው ጣና ቂርቆስ በዚያ ወገን ነው።

ባለፈው እሑድ እንዲህ እንደተቀመጥን «እኔ የማይገባኝ» አለች፤ «ግብፅ ስትገባ ማን አስተረጎመላት?»

ለሥራዬ ዓመታት ግብፅ የሚለውን ስም የሰማሁት በሌላ ድምፅ ነውና ሳቄ መጣ። «መላእክት ናቸዋ፣ እማዬ» አልኳት።

ዝም አለች። ታንኳ ነጂው ሁለት ሦስት ጊዜ እስኪቀዝፍ ድረስ ዝም አለች።

«እሱስ ልክ ነሽ። መልአክ ቃል አይቀንስም» አለች፤ ፊቷን ከሐይቁ ሳትመልስ።

ታውቅ ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አልጠየቅኳትም፤ ምናልባት ከጠረጴዛው ጀምሮ ነው። «ረገምኩትና ሰጠ» ያለችው ለእኔ ብላ ይሆን? አርባ ሰባት ዓመት ሙሉ እኔ የማውቀውን የማታውቅ የመሰለችኝ ሴት፣ በማበጠሪያዋ ፀጉሩን ካበጠረው ፈታሽ ጋር አብራ የሳቀችው ሴት ናት።

ወደዚህ ጽሑፍ የወሰደኝ ግን የእሷ ቃል ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1969 አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው የአፍሪካ የስደተኞች ስምምነት ውስጥ የምወደው ዐረፍተ ነገር አለ፤ ጥገኝነት መስጠት ሰላማዊና ሰብዓዊ ተግባር ነው፣ ማንም አባል አገር እንደ ጠላትነት ሊቆጥረው አይገባም የሚል። እኔ ልጅ ሳለሁ በሩን የከፈተችልን ሱዳን ነበረች። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲፈነዳ ሰዉ በዚያው በገላባትና በመተማ በኩል ወደዚህ ይጎርፍ ጀመር። ጥቂቶቹ ባሕር ዳር ድረስ መጥተዋል።

ማክሰኞ የእናቴን የደም ግፊት መድኃኒት ልገዛ ፋርማሲ ቆሜአለሁ። ከፊቴ ቶብ፣ የሱዳን ሴቶች የሚከናነቡትን ረጅም ልብስ፣ የለበሰች ሱዳናዊት ከአሥር ዓመት የማትበልጥ ልጇን ይዛ ቆማለች። ፋርማሲስቷ «ምኗን ነው የሚያማት?» አለች።

ሴትዮዋ በአረብኛ ብዙ ተናገረች። ወንድ ልጇ ኦምዱርማን እንደቀረ፣ ስልኩ ከተዘጋ ሁለት ወር እንደሆነው፣ ሌሊት ባጃጅ ባለፈ ቁጥር አውሮፕላን እንደሚመስላት። መጨረሻ ላይ ድምፅዋ ዝቅ አለና «በያት፣ ይህቺን ልጅም ከዕድሜዋ በፊት አስረጀኋት በያት» አለች።

ልጅቷ ዞረች። «ራሷን ያማታል» አለች በጠራ አማርኛ።

ፋርማሲስቷ ማስታገሻውን አወጣች። «ከምግብ በኋላ፣ በቀን ሦስት ጊዜ።»

ልጅቷ ለእናቷ በአረብኛ፦ «ከምግብ በኋላ ሦስት ጊዜ ነው። ደግሞ አይዞሽ፣ ልጅሽ ይደውላል፣ ወንድሜም እንዲሁ ጠፍቶ ተገኝቷል ትላለች።»

ሴትዮዋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ለፋርማሲስቷ ጎንበስ አለች። ዓይኗ እንባ ሞላ። ፋርማሲስቷ ግራ ገብቷት ፈገግ አለችላት፤ ሒሳቡን ስትቀበልም አንድ ሁለት ብር ተወችላት።

እኔ አፌ ተከፍቶ ነበር። ዘጋሁት።

በሩ ላይ ልጅቷ ዞር ብላ አየችኝ። ፊቴ ላይ ምን እንዳየች አላውቅም፤ ሃያ ስድስት ዓመት ፊቴን ስገዛ ኖሬ አንዲት ሕፃን አነበበችው። እናቷ ባጃጅ ልታስቆም ወደ አስፋልቱ ወጣች።

«አረብኛ ትችያለሽ?» አለችኝ በአማርኛ፤ እናቷ እንዳትሰማ መሆኑ ነው። እርስዎ ማለትን ገና አልለመደችም።

«ገዳሪፍ ነው ያደግኩት።»

ወደ እናቷ ጀርባ አየች፤ መልሳ ወደ እኔ።

«እንዳትነግሪያት።»

«ምኑን?» አልኳት።